ከአሮጌ እስክሪብቶ በእጃችን ልክ ብዕር ስለ መሥራት

(በማኅበራችን የነሐሴ ወር ስብሰባ፣ ደጀን፣ አንዲት አባል ያደረገችው ንግግር)

  የማወራችሁ ስለ ትንሽ ነገር ነው፤ ስለ እስክሪብቶ። ትንሽ ናት ብላችሁ ግን ጆሯችሁን አትንፈጉኝ።

ባለፈው ወር የማኅበሩ መዝገብ የሚቀመጥበትን ሣጥን ስንጠርግ ከሥሩ የወጣውን ክምር ታስታውሳላችሁ። ከፊሉ ቀለሙ አልቆ ቀፎው ደኅና ነው። ከፊሉ ቀለሙ ገና ከግማሽ በላይ አለ፣ ቀፎው ግን ተሰንጥቋል። አንዱ የሚጫነው ጠፍቶበታል፣ ሌላው ስፕሪንጉ ዘሏል፣ ክዳኑ ለብቻው፣ ጫፉ ለብቻው። አንዷ "እሳት ውስጥ ይግባ" አለች፤ ሌላዋ "ፕላስቲክ ሲነድ ጭሱ ያሳምማል፣ ቆሻሻ ላይ ጣሉት" አለች። እኔ በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ወሰድኩት። ይኸው ዛሬ መልሼ አምጥቻለሁ። ከዚያ ሁሉ ውስጥ የሚጽፉ 11 ብዕሮች ወጥተዋል። እየተቀባበላችሁ እዩዋቸው፤ አንዱ ከሌላው አይመሳሰልም። የአንዱ አፍ ከሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ቀለሙ ከሌላ፣ ገላው ከመቃ፣ ክዳኑ ደግሞ ከሦስተኛ የመጣ ነው።

ይህን ያደረግሁት ለጨዋታ አይደለም። በቁጠባ መዝገባችን ላይ ከስማችን ጎን ሁለት ዓይነት ምልክት አለ፤ አንዱ ፊርማ፣ ሌላው በማኅተም ቀለም የተነከረ አውራ ጣት። ማንንም ለማሳፈር አይደለም ይህን የማነሳው፤ ጣታቸውን የሚያኖሩት እናቶች ይህን ማኅበር ከመሠረቱት መካከል ናቸው፣ የገንዘባችንን ልክ ደግሞ ከጸሐፊዋ በፊት በቃላቸው ያውቁታል። ግን ጣት አያነብም። በክልላችን የመሬት ይዞታ ደብተር ሲሰጥ የባልም የሚስትም ስምና ፎቶግራፍ አብሮ እንዲገባ ተደርጓል፤ ለሴት ትልቅ ነገር ነው። ስሟ በደብተሩ ላይ ያለ ሴት ግን የኪራይ ውል ሲመጣላት ሌላ ሰው አንብቦላት፣ ሌላ ሰው ጣቷን ይዞ ወረቀቱ ላይ የሚያሳርፍላት ከሆነ ደብተሩ ግማሽ ነው። በቅርብ የማውቃት አንዲት ባልቴት መሬቷን ለሁለት ዓመት አከራየሁ ብላ አሻራዋን አኖረች፤ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ግን አራት ዓመት ነበር። ሦስተኛው ዓመት ላይ "መሬቴን" ስትል "ጣትሽ ይኸው" አሏት። ስሟን መጻፍ ብትችል ኖሮ ይህ አይደርስባትም ነበር ብዬ አልምልም። ስሙን የሚጽፍ ሰው ግን ከመጻፉ በፊት ወረቀቱን ወደ ራሱ አዙሮ ያያል። ቢያንስ "2" እና "4" ን ይለያል።

ከእናንተ መካከል በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር በኩራዝ ፊደል የቆጠሩ አሉ። ያ ዘመቻ በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ ሽልማት እስከማግኘት ደርሶ ነበር። ያኔ "ሀ ሁ"ን የጨረሱ እናቶች ዛሬ ስማቸውን የማይጽፉት ለምንድን ነው ብዬ ስጠይቅ መልሱ አንድ ነው፤ "ከዚያ ወዲህ ብዕር አልያዝኩም።" አሁን ደግሞ በጎልማሶች ትምህርት የተመዘገባችሁ ሳትቀሩ የምትነግሩኝ ሌላ ነው፤ "ፊደሉን አውቀዋለሁ፣ እጄ ነው አልታዘዝ ያለኝ።" እስክሪብቶው ያዳልጣል፣ ጣት መሃል ይሽከረከራል፣ አጥብቀው ሲይዙት መገጣጠሚያ ያማል። መጅ ሲገፋ፣ ዘነዘና ሲያነሳ፣ ማጭድ ሲጨብጥ የኖረ እጅ ከትንሿ ጣት የቀጠነች ለስላሳ ፕላስቲክ ይዞ "ጻፍ" ይባላል! በሱቅ ያለው እስክሪብቶ የተሠራው ለማንም እጅ ነው፤ ለማንም ማለት ደግሞ ለእናንተ እጅ አይደለም ማለት ነው።

እኔ ያሰብኩት ይህን ነው። እንዝርት የማይዝ እጅ እዚህ ቤት የለም። እንዝርት ስታሾሩ ጣቶቻችሁ እንዴት እንደሚቆሙ እዩ፤ አውራ ጣት፣ ሌባ ጣት፣ መሃል ጣት። ብዕርም የሚያዘው በእነዚሁ ሦስት ነው። ወስፌም እንዲሁ። እጃችሁ ሥራውን ያውቀዋል፤ የጎደለው በለመደው ውፍረትና በለመደው ሸካራነት የተሠራ ብዕር ነው። ስለዚህ ልኩን ከሱቅ ሳይሆን ከጣታችሁ እንውሰድ።

ብዕር በቤት መሥራት ለአገራችን አዲስ እንዳይመስላችሁ። ከዚህ በቢቸና በኩል እስከ ሞጣ ባለው አገር ዲማ ጊዮርጊስ አለ፣ ደብረ ወርቅ ማርያም አለች፣ መርጡለ ማርያም አለች። ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው የተማሩት በእነዚህ አድባራት ነው፤ ዲማንም ደብረ ወርቅንም አይተዋል። የብራና ጸሐፊዎች ብዕራቸውን ከገበያ አልገዙም። መቃውን ወይም ሸምበቆውን ራሳቸው ቆርጠው፣ አድርቀው፣ በቢላ ጫፉን አሹለው፣ መሃሉን ሰንጥቀው ይጽፉበታል፤ ሲደነዝዝ እንደገና ይቀርጹታል። ለጥቁሩ አንድ፣ ለቀዩ ሌላ። ቀለሙ በቀንድ ውስጥ ሆኖ ቀንዱ መሬት ላይ ይተከላል። እያንዳንዱ ጸሐፊ ብዕሩን በራሱ እጅ ልክ ይቀርጻል፤ የፊደሉም መልክ በቀረጻው ይለያያል።

ጥቁሩ ቀለም ደግሞ ከየት ይመጣል? ከእኛ ማድ ቤት ነው። ከምጣድና ከድስት ቂጥ የሚፋቀው ጥቀርሻ ከቆላነውና ካረረ እህል፣ ከሙጫና ከቅጠል ጋር እየተለወሰ ሳምንታትና ወራት ይከርማል። በየገዳሙ ያለው የብራና መጽሐፍ ሁሉ ከሴት ምድጃ የወጣ ጥላሸት አለበት ብል አልተሳሳትኩም። ምድጃው የእኛ፣ ጽሕፈቱ ግን ለብዙ ዘመን የወንዶች ብቻ ነበር። ዓይናቸው ሳያይ ቅኔ ያስተማሩት የጎጃሟ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ለዕውቀት ብዕር እንኳ ግድ እንዳልሆነ አሳይተዋል፤ እሳቸው ግን እሳቸው ናቸው፣ ለውል ስምምነት ቅኔ አይበቃም።

አሁን ወደ ሥራው። ልብ ብላችሁ ስሙኝ፣ ምክንያቱን ያወቀ ሰው ካልተመሳሰሉ ዕቃዎች የሚሠራውን ራሱ ያገኘዋል።

የእስክሪብቶ ጫፍ ላይ ዓይን የማይለያት ትንሽ ኳስ አለች። ኳሷ በናስ ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጣ ወረቀት ላይ ስትንከባለል ከኋላዋ ያለውን ወፍራም ቀለም እየተቀባች ታወጣለች። ይህን ዘዴ በ1938 (እ.ኤ.አ.) የባለቤትነት መብት ያወጣበት ላስሎ ቢሮ የሚባል የሃንጋሪ ጋዜጠኛ ነው፤ የጋዜጣ ቀለም ቶሎ እንደሚደርቅ አይቶ፣ ኬሚስት ከሆነው ወንድሙ ጋር ሆኖ ሠራው። በ1945 (እ.ኤ.አ.) ኒው ዮርክ ውስጥ የኳስ ብዕር ለሽያጭ ሲቀርብ ዋጋው 12 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነበር፤ ለዚያ ዘመን የሠራተኛ ሰው ዕቃ አልነበረም። ከአምስት ዓመት በኋላ ማርሴል ቢክ የተባለው ፈረንሳዊ ስሙን የያዘውን ርካሽ እስክሪብቶ አወጣ። "ቢክ" የምንለው ስም የሰውየው ነው።

ያ ኳስ እንዲሠራ አንድ ነገር ያስፈልጋል፤ አየር። ቀለሙ ከፊት ሲወጣ በቦታው ከኋላ አየር መግባት አለበት። የቀለም ቱቦው ጀርባ ክፍት የሆነው ለዚህ ነው፤ በቢክ ቀፎ ጎን ላይ ያለችው ትንሽ ቀዳዳም ለዚሁ ናት። ልጆች በማስቲካ ይደፍኗታል፣ ከዚያ "አልጽፍ አለኝ" ይላሉ። ለእኛ ለደጀኖች ቀዳዳዋ የበለጠ ታስፈልገናለች። ከዚህ እስከ ዓባይ ድልድይ ቁልቁለቱ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ነው። ታች በረሃው ላይ ሁለመናው ተደፍኖ የተዘጋ ብዕር ይዛችሁ ዳገቱን ስትወጡ የውጪው አየር እየሳሳ ይሄዳል፣ ውስጥ የታፈነው ግን እንደነበረ ሆኖ ቀለሙን በኳሷ ዙሪያ ይገፋዋል። ሙቀቱ ደግሞ ቀለሙን ያቀጥነዋል። ነጠላ የሚያበላሸው ይህ ነው። ስለዚህ በምንሠራው ብዕር ላይ ሁሉ ከኋላ በኩል በጋለ ወስፌ አንዲት ቀዳዳ እንወጋለን።

የቀለም ቱቦዎቹን በሦስት ክምር ለዩአቸው። አንደኛው ክዳን ያለው ተራ እስክሪብቶ ቱቦ ነው፤ ረጅም ነው፣ ጫፉ በፕላስቲክ ሾጣጣ ላይ ተሰክቷል። ሁለተኛው የሚጫነው እስክሪብቶ ቱቦ ነው፤ አጠር ይላል፣ ከጫፉ ከፍ ብሎ ስፕሪንጉ የሚያርፍባቸው ትናንሽ ጆሮዎች አሉት። ሦስተኛው ጄል የሚባለው ነው፤ ቱቦው ሰፊ፣ ቀለሙ ቀጭን፣ ከኋላው ደግሞ እንደ ቅባት ያለ ነገር ተደፍኖበታል። ሦስተኛውን አትቁረጡት፤ ጀርባውን ከነካችሁት ይፈሳል። አንደኛውንና ሁለተኛውን ግን ርዝመቱ ከመቃው ከበለጠ ቀለም ከሌለበት ጫፍ በምላጭ መቁረጥ ይቻላል።

ቀለም እያለው አልጽፍ ያለውን ቶሎ አትጣሉት። ጫፉን በመዳፋችሁ መካከል እያሻችሁ አሙቁት፣ ከዚያ በወረቀት ላይ ክብ ክብ እያደረጋችሁ ጫን በሉት። የደረቀ ቀለም ካለበት አልኮል በነካ ጨርቅ ጥረጉት። በክብሪት ማሞቅ ልጆች ያደርጉታል፤ ፕላስቲኩ ይቀልጣል፣ ኳሷም ቦታዋን ትለቃለች። በአፍ መምጠጥማ አይነገርም፤ ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኖ ከትምህርት ቤት የሚመለስ ልጅ ሁላችንም አይተናል።

መቃው ደረቅ መሆን አለበት። አረንጓዴው ሲደርቅ ይጠባል፣ ይሰነጠቃል፣ ያስገባችሁትን ቱቦም አንቆ ይይዛል። በዚህ ክረምት ከወንዝ ዳር የሚቆረጠው ለዘንድሮ አይሆንም፤ ማድ ቤት ጣሪያ ሥር፣ ጭስ በሚያገኘው ቦታ ሰቅላችሁ ለበጋ አቆዩት። ለአሁኑ ከፈረሰ ኮርኒስ ወይም ከአሮጌ አጥር የወጣ ደረቅ መቃ ይበቃል። እነዚህን 11ዱን የሠራሁት ከአሮጌ ኮርኒስ በወጣ መቃ ነው፤ ቢጫነቱ የጭስ ነው፣ ቀለም አልቀባሁትም።

አቆራረጡ ላይ ነው ጥበቡ። መቃ አንጓ አለው። ከአንዱ አንጓ በስተኋላ ትንሽ ትርፍ ትታችሁ ስትቆርጡ አንጓው የብዕሩ ጀርባ ይሆናል፤ የቀለም ቱቦው ጭራ እዚያ ላይ ያርፋል፣ ስትጽፉ ጫፉ ወደ ውስጥ አይሸሽም። ቱቦው አንጓው ላይ ሲያርፍ ቀዳዳው እንዳይደፈን ጭራውን በሰያፍ ቁረጡት፤ አየሩ በዚያ በኩል ይገባል። ከአንጓው እስከ አፉ ስንት ይሁን ላላችሁ፣ ብዕሩ በእጃችሁ ሲያዝ ጀርባው በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ካለው ሥጋ ትንሽ ማለፍ አለበት። ከዚያ ካጠረ መዳፍ ይወጋል። ስትቆርጡ መጀመሪያ ዙሪያውን በቢላ ጭረት አድርጉለት፤ በአንድ ምት ከመታችሁት በቁመቱ ይሰነጠቃል። ቀጥሎ በብርጭቆ ወረቀት ጠርዙን አለስልሱት።

አሁን አለመመሳሰሉ ይመጣል። ቱቦው ቀጭን፣ የመቃው ቀዳዳ ሰፊ ነው። በፈረንጅ አገር ብዕርን በእንጨት መሥራት የሚወዱ ሰዎች አሉ፤ እንጨቱን በቶርኖ እየላጉ፣ የብረቱን ዕቃ ግን በጥቅል ይገዙታል፤ የናስ ቱቦ፣ ጫፍ፣ መሽከርከሪያ፣ የኪስ ማንጠልጠያ። ስሊምላይን የሚሉት የተለመደው ዓይነት 7 ሚሊ ሜትር የሆነ ቱቦ አለው፤ የሌላው ዓይነት ልኩ ሌላ ስለሆነ የአንዱ ጫፍ ለሌላው አይገባም። እነሱም ጋ በየመሳቢያው የተራረፈ ዕቃ ይከማቻል፣ እነሱም እንደ እኛ ይህን ከዚያ ለማጋጠም ይጨነቃሉ። ችግሩ ሁልጊዜ ውፍረት ነው። ውፍረትን ደግሞ ሴት ልጅ በክር ታስተካክላለች።

የጥጥ ፈትል ሰም አስነክሳችሁ በቱቦው ሾጣጣ አንገት ላይ ጥምጥም አድርጉ፤ ሁለት ዙር፣ ሞክሩት፤ ላላ ካለ አንድ ዙር ጨምሩ። እንደ ጠርሙስ ቡሽ ጠበቅ ብሎ ሲገባ በቃው። ከኋላ በኩልም፣ ቱቦው መሃል ላይ፣ ሌላ ቀጭን ጥምጥም ይኑረው፤ ያለዚያ ስትጽፉ ውስጡ ይንኳኳል። ይህኛውን ዙሪያውን አትድፈኑት፣ አየሩ እንዲያልፍ ክሩን እንደ ምስማር ጥርስ እያፈራረቃችሁ ጠምጥሙ። የሚጫነው እስክሪብቶ ቱቦ ከሆነ ደግሞ የቀፎውን የፊት ጫፍ ሁለት ጣት ያህል ቆርጣችሁ እሱን መቃው ውስጥ ስከኩት፤ ስፕሪንጉን ተዉት፣ ለዚህ ሥራ አይፈለግም።

"ለምን በማጣበቂያ አናጣብቀውም?" ብላ የጠየቀችኝ አለች። ቀለሙ ሲያልቅ ማውጣት አለባችሁ። ሰምና ክር ከሆነ በሞቀ እጅ ላላ አድርጋችሁ ትስቡታላችሁ፤ ሌላ ቱቦ ትተካላችሁ፤ ገላው ዓመታት ያገለግላል። ማጣበቂያ ከሆነ ቀለሙ ባለቀ ቀን ብዕሩም አለቀ። ወደ ዓባይ በረሃ ለንግድ የምትወርዱ ግን ሰሙን አሳንሳችሁ ክሩን አጥብቁት፤ ሰም ቆላ ሲወርድ ይላላል።

መያዣው የየራሳችሁ ነው። ጣት የሚያርፍበትን ሦስት ጣት የሚሆን ቦታ በፈትል ወይም በአለላ ጠምጥሙት። ጣታቸው ለሚያማቸው እናቶች ወፈር ማለት አለበት፤ ወፍራም መያዣ ጣት ብዙ እንዲታጠፍ አያስገድድም፣ ሕመሙም ይቀንሳል። ይህችኛዋ፣ ቀይና አረንጓዴ አለላ ያላት፣ አውራ ጣታቸው ለማይታጠፍላቸው እናት የተሠራች ናት፤ የእንዝርታቸውን ዘንግ ለክቼ ሁለት እጥፍ አደረግኋት። ትናንት ማታ ስማቸውን አምስት ጊዜ ጻፉባት። "ረ" ቸው እግሯ አጥራለች፣ ግን "ረ" ናት።

የመቃውን ገላ ማስዋብ ለፈለገ የኑግ ዘይት በጨርቅ ቀባ ቀባ አድርጎ ጥላ ላይ ማድረቅ ይበቃል። የተልባ ዘይት ካገኛችሁ ይሻላል፣ ጠንክሮ ይደርቃል። ቅቤ አትቀቡት፤ ይሸታል፣ አይጥም ይጠራል።

ስለ ክዳን አንድ ነገር አደራ እላለሁ። የቢክ ክዳን አናቱ ላይ ቀዳዳ አለው። ቀለም እንዳይደርቅ አይደለም የተበሳው፤ ልጅ ቢውጠውና ጉሮሮው ላይ ቢቀር ትንሽ አየር እንዲያልፍ ነው። ስለዚህ ያንን ቀዳዳ በሰም አትድፈኑ። ከመቃ የራሳችሁን ክዳን ከሠራችሁም ከዳር እስከ ዳር ክፍት ይሁን እንጂ እንደ ጽዋ የተደፈነ አይሁን። ሕፃን ባለበት ቤት ትንንሽ ስፕሪንግና ሾጣጣ መሬት ላይ አይበተን። ስትሠሩ ሰፌድ ጭናችሁ ላይ አድርጉ፣ የወደቀው ሁሉ ሰፌዱ ላይ ይቀራል።

አንድ ልጅ የቀለህ ናስ አምጥቶ "ይህስ ለብዕር አይሆንም ወይ?" አለኝ። ልኩ ይሆናል፤ ፈረንጆቹም እንደዚያ ይሠራሉ። እኔ ግን መለስኩለት። ልጆቻችን ትምህርት ቤት ተዘግቶባቸው በከረሙበት አገር፣ ደብተር ላይ የሚያርፍ እጅ ያንን ይዞ እንዲጽፍ አልፈልግም። ደግሞ የተተኮሰና ያልተተኮሰ የማይለይ ልጅ ፍለጋ ይሄዳል። በዚህ ላይ የተለየ ሐሳብ ያላት ካለች ትናገር፤ እኔ ግን አልሠራም።

አሁን ገንዘቡ። ባለፈው ሳምንት "ከማኅበሩ ካዝና ብድር ወስደን ዕቃውን ከአዲስ አበባ እናስመጣና ብዕር እየሠራን እንሽጥ" የሚል ሐሳብ ተነሥቶ ነበር። ሐሳቡን ያነሣችው እህት ለበጎ ነው ያነሣችው፣ የኔም ስም አብሮ ስለተጠራ መልስ ልስጥ። እኔ አልደግፍም። አንዱን ብዕር በደንብ ለመሥራት ግማሽ ከሰዓት በኋላ ይፈጃል። ገበያ ላይ በጥቂት ብር እስክሪብቶ የሚያገኝ ሰው የግማሽ ቀን ድካማችንን ዋጋ አይከፍለንም። ሠርግ፣ ምርቃት፣ ስጦታ የሚል ደንበኛ ይመጣ ይሆናል፤ ሲመጣ በትእዛዝ እንሠራለን። ያ ብር ግን ለዶሮና ለማዳበሪያ የተጠየቀ ብድር ነው፤ ገዢው ሳይታወቅ ዕቃ ላይ አይፍሰስ። መንገድ በተዘጋ ቁጥር ዕቃ እንደሚቀርም አይተናል።

"ታዲያ ሱቅ ውስጥ ርካሽ እያለ ለምን እንደክማለን?" ለምትሉም እውነቱን ልናገር። ቀኑን ሙሉ ለሚጽፍ ተማሪ የሱቁ ይሻለዋል፤ ይፈጥናል፣ ቢጠፋም አይቆጭም። ልጆቻችሁን ይህን ይዛችሁ ሂዱ ብላችሁ አታስጨንቁ። ይህ ብዕር ለእናንተ ነው፣ በሣምንት ሁለት ቀን ተቀምጣ ስሟን ለምትለማመድ፣ ውል ሲመጣ ከመቀነቷ አውጥታ "ቆይ እስቲ ላንብበው" ለምትል ሴት። አንዳንዷ "ሰው ይስቅብኛል" ትላለች። ይሳቅ። ቅርጹ እንግዳ የሆነ ብዕር ደግሞ ማንም ተውሶ አይቀርባችሁም፤ የማን እንደሆነ ከሩቅ ይታወቃል። የማኅበራችን እስክሪብቶ በየስብሰባው የት እንደሚገባ ጸሐፊያችን ታውቃለች!

ከመስከረም ጀምሮ አዲስ የቁጠባ መዝገብ እንከፍታለን። ሰብሳቢያችንንና ጸሐፊያችንን አነጋግሬ ተስማምተናል፤ በአዲሱ መዝገብ ላይ የአሻራ ቦታ አይዘጋም፣ የፈለገች ጣቷን ታኖራለች። ከጎኑ ግን ስም መጻፊያ መስመር ይሰመራል። ሁለት ፊደል ብቻ የቻለች ሁለቱን ትጽፋለች፤ በሚቀጥለው ወር ሦስተኛውን ትጨምራለች። አሻራዋን አኑራ ቀጥሎ ስሟን የጻፈችው ቀን በመዝገቡ ይታያል፤ እኔ ያን ቀን ለማየት ነው የቸኮልኩት።

የሚቀጥለው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እዚሁ እንገናኝ። ከየቤታችሁ የሞቱ እስክሪብቶዎችን ሁሉ አምጡ፤ የልጆች ቦርሳ ሥር፣ የአልጋ ሥር፣ የሱቅ መደርደሪያ ጥግ ፈልጉ። ክዳን ብቻም ቢሆን፣ ጫፍ ብቻም ቢሆን አይናቅ። ደረቅ መቃ ያላት ክንድ የሚያህል፣ ሰም ያላት የባቄላ ፍሬ የሚያህል፣ ፈትል ያላት አንድ ቱባ ታምጣ። ስለታም ቢላ ሁለት ይበቃናል፤ ወስፌና ብርጭቆ ወረቀት እኔ ጋ አለ። እንዝርታችሁንም አትርሱ፤ ልኩን የምወስደው ከእሱ ነው። ዛሬ ጣታችሁን ለመለካት የምትፈልጉ ስብሰባው ሲያበቃ በሩ አጠገብ እቀመጣለሁ፤ ጣታቸው የሚያማቸው እናቶች ቅድሚያ አላቸው።